በጥቅምት የዘነበ ዝናብ እስከ ሚያዝያ አይለቅም

ካርታ ላይ ኖርዌይን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ወደ ሰሜን ብትወጡ ማገርዮያ የምትባል ደሴት ታገኛላችሁ። ከዋናው መሬት የሚለያት 1,800 ሜትር ገደማ የሚሰፋ ባሕር ነው። በመስከረም አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ አጋዘኖች (ሬይንዲር) ይህን ባሕር በዋና ያቋርጡታል። በሚያዝያ ገደማ ወደ ደሴቲቱ ሲገቡ ግን በባሕር ኃይል ጀልባ ተጭነው የሚሻገሩ ነበሩ። ያኔ ሴቶቹ እርጉዝ ናቸው፣ ብርዱም አክስቷቸዋል። አሁን ሞቃቱን ወራት ሙሉ ሣርና ቅጠል ሲግጡ ከርመዋል። ግልገሎቹም ጠንክረዋል። ስለዚህ በራሳቸው ጉልበት ይመለሳሉ።

ከባሕሩ ማዶ ረጅም መንገድ ይጠብቃቸዋል። ወደ ደቡብ፣ ካራሾክና ካውቶኬይኖ ወደሚባሉት ወረዳዎች ደጋ ይሄዳሉ። የብርዱን ወራት የሚያሳልፉት እዚያ ነው። ከኋላቸው ደግሞ እረኞቻቸው አሉ፤ የሰሜኑ ነባር ሕዝብ የሆኑት የሳሚ ልጆች።

አገሩ ፊንማርክ ይባላል። ስፋቱ 48,600 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዴንማርክ ይበልጣል። ነዋሪው ግን 75 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። በምሥራቅ ከሩሲያ፣ በደቡብ ከፊንላንድ ይዋሰናል። ካውቶኬይኖ በስፋቷ ከኖርዌይ ወረዳዎች ሁሉ አንደኛ ናት፤ ሕዝቧ ግን 3 ሺህ እንኳ አይሞላም።

ስለ ሰሜን ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ብርዱ ነው፣ አለዚያም ሰማይ ላይ የሚወዛወዘው አረንጓዴ ብርሃን። የአርቢዎቹን ኑሮ የሚወስኑት ግን ከብርዱ በፊት ያሉት ጥቂት ሳምንታት ናቸው። መጸው። እነዚህ ሳምንታት ደግሞ ከሁለት ወገን እየተነኩ ነው። አንዱ የሚመጣው ከሰማይ፣ ሌላው ከኦስሎ ቢሮዎች ነው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የሁለቱ በአንድ ጊዜ መምጣት ነው።

የወቅት ስም በአማርኛ ሲጻፍ ያምታታል። የእኛ ክረምት የእነሱ ሞቃት ወራት ነው። ስለዚህ እነሱ የሚበርዳቸውን ጊዜ "የብርዱ ወራት" እላለሁ። ወቅቱን ስናገር በእኛ ወር እጠቀማለሁ፤ የታሪክ ቀንና ዓመት ስጠቅስ ግን በፈረንጆቹ ነው።

ሳሚዎቹ ራሳቸው ዓመቱን በአራት ሳይሆን በስምንት ነው የሚከፍሉት። በመጸው ዙሪያ ብቻ ሦስት ስሞች አሏቸው። ሞቃቱ ወራት ሊያልቅ ሲል ቻክቻጌሲ ይሉታል። መጸው ራሱ ቻክቻ ነው። በረዶው መሬቱን ሲይዝ፣ ጨለማው ሲገባ፣ ቻክቻዳልቪ ይሆናል። ከመስከረም 20ዎቹ እስከ ጥቅምት 20 ገደማ ያለው ወር ደግሞ ጎልጎትማኑ ይባላል። ጎልጎት ማለት በስሪያ ደክሞ የከሳ ወንድ አጋዘን ነው። ወር በደከመ እንስሳ ስም የሚጠራ ሕዝብ ምን እያየ እንደሚኖር ከዚህ ይገባል።

ለእኛ መስከረም ይከፍታል። ዝናቡ ያበቃል፣ አደይ ይፈነዳል፣ ወንዙ ይጎድላል። እዚያ ቀለሙ የሚመጣው ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል ነው። በጳጉሜንና በመስከረም መጀመሪያ የበርች ዛፉ ቢጫ ይሆናል። መሬት ላይ የተነጠፈው ቁጥቋጦ ደም ይመስላል። ይህ የሚቆየው ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው። አንድ የነፋስ ሌሊት ይበቃዋል።

በነዚህ ቀናት ሰው ቤት አይቀመጥም። ከበረዶ በፊት ሊንጎን የምትባለው ቀይና ጎምዛዛ የዱር ፍሬ ትለቀማለች። የሚበዛው በስኳር ተመትቶ ከሥጋ ጋር ይበላል። ዲፕ ፍሪዙ በፍሬ፣ በዓሣና በሥጋ ይሞላል። የማገዶ እንጨት ይከመራል። መኪና ያለው ሰው ጎማ ይቀይራል። ባለ ሚስማሩ ጎማ በሰሜኑ ከኦክቶበር 16 ጀምሮ ይፈቀዳል፤ በደቡቡ ከኖቬምበር 1። የአገሪቱ ሕግ እንኳ ሰሜኑ ቀድሞ እንደሚበርደው ያውቃል ማለት ነው።

ወንዶቹ አጋዘኖች የሚታረዱትም ያኔ ነው። ስሪያ ከጀመሩ በኋላ ሥጋቸው ይሸታል፣ ሰውነታቸውም ይወርዳል። ስለዚህ ቀድሞ ማረድ ነው። ከአንድ እርድ የሚጣል ነገር እምብዛም የለም። ደሙ፣ ምላሱ፣ መቅኒው ይበላል። የእግሩ ቆዳ የብርድ ጫማ ይሆናል። የቤቱ ወጥ ቢዶስ ይባላል፦ ሥጋ፣ ድንች፣ ካሮት፣ በቀስታ የሚበስል። ሠርግ ላይም የሚቀርበው እሱ ነው።

ከስሪያው በኋላ የመለየት ሥራ አለ። መንጋው ወደ ትልቅ አጥር ይነዳል። የማን ግልገል የማን እንደሆነች የሚታወቀው በጆሮዋ ላይ ባለው የቢላ ምልክት ነው። እያንዳንዱ ባለቤት የራሱ የተመዘገበ ምልክት አለው። ሕፃናት ሳይቀሩ የራሳቸው አላቸው። በገመድ ይጠለፋል፣ ይቆጠራል፣ የሚታረደውና የሚቀረው ይለያል። አያትና የልጅ ልጅ አንድ አጥር ውስጥ ይሠራሉ። ሳሚኛ ቋንቋ በትክክለኛ ቦታው የሚነገረው እዚህ ነው። ስለ አጋዘን ቀለም፣ ቀንድ፣ ዕድሜና ጠባይ ያሉት ቃላት ብዛታቸው ያስደንቃል። ስለ በረዶና ስለ ግግር ያሉት ብቻ ከመቶ በላይ ናቸው። ሥራው ከቀረ ቃላቱም አብረው ይቀራሉ። ኖርዌይ ለብዙ አስርት ዓመታት የሳሚን ልጆች በአዳሪ ትምህርት ቤት ቋንቋቸውን ስታስጥል ኖራለች። ይህን የመረመረው ኮሚሽን ሪፖርቱን ያቀረበው በጁን 2023 ነው። ፓርላማው በኖቬምበር 2024 ይቅርታ ጠይቋል። አጥሩ ውስጥ ያለውን ቀን ከሥጋ ገበያ በላይ አድርጌ የማየው ለዚህ ነው።

ጨለማውም ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ናቸው ቢባል ውሸት አይሆንም። ፊንማርክ ላይ በመጸው ቀኑ በየዕለቱ 7 እና 8 ደቂቃ ያህል ያጥራል። በሳምንት ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። ካውቶኬይኖ ላይ ፀሐይ ኅዳር 20 ገደማ ትሰወርና እስከ ጥር መጀመሪያ አትወጣም። የእኛ ገና ያለ ፀሐይ ያልፋል። ጥምቀት ሲደርስ ትመለሳለች። እኩለ ቀን ላይ ለጥቂት ሰዓታት ሰማያዊ ብርሃን አለ፤ ድፍን ጨለማ አይደለም። ግን የእኛ ሰዓት ከፀሐይ መውጣት ጋር ነው የሚጀምረው። እዚያ ለአንድ ወር ተኩል የሚጀምርበት ነገር የለም።

ይህን የሚያውቁ የአገራችን ሰዎች አሉ። ኖርዌይ ጥገኝነት ያገኘን ሰው በየወረዳው ትመድባለች። ስለዚህ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ተነስተው ፊንማርክ የደረሱ አሉ። መጸው ለእነሱ የመጀመሪያው ፈተና ነው። ብርዱን በልብስ ይችሉታል። የብርሃኑን መሸሽ ግን የሚከለክል ልብስ የለም። ቫይታሚን ዲ፣ የጠዋት መብራት፣ ከሰው ጋር መዋል፤ የአገሬው ሰው የሚመክረው ይህንኑ ነው። እሱም ያደርገዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ።

አጋዘን በብርዱ ወራት የሚኖረው በላይከን ነው። ላይከን በእኛ ደጋ በድንጋይና በዛፍ ላይ እንደ ሽበት የሚታየው ዓይነት ነገር ነው። እዚያ መሬቱን እንደ ስፖንጅ ምንጣፍ ይሸፍነዋል። በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። አንዴ ከተጋጠ ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። አጋዘኑ በረዶው ሥር ያለውን ላይከን በአፍንጫው ያሸተዋል። ከዚያ በኮቴው ይቆፍራል። ይህ እስከሠራ ድረስ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ አያስጨንቀውም። ፀጉሩ ለዚያ ነው የተሠራው።

ጥሩ መጸው የሚባለው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ደረቅ ውርጭ ይመጣል። መሬቱ ይጠነክራል። ላይከኑ እንደደረቀ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ቀላል፣ ዱቄት የመሰለ በረዶ ይወርድበታል። እንግዲህ ግጦሹ እስከ ሚያዝያ ድረስ እንደ ጎተራ እህል ተከድኖ ተቀመጠ ማለት ነው። እንስሳው በየቀኑ እየገለጠ ይበላል።

መጥፎው በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው፣ መሬቱ ገና ሙቅ ሳለ ወፍራም በረዶ ሲወርድበት ነው። ከሥር ያለው ሙቀትና እርጥበት ይታፈናል። ላይከኑና ሣሩ ይሻግታል። አጋዘን የሻገተ ነገር አይወድም፤ ቢበላውም ይታመማል። ሁለተኛው የባሰ ነው። በረዶ ይወርዳል፣ ከዚያ በጥቅምት ወይም በኅዳር አየሩ ይሞቅና ዝናብ ይዘንባል። ውኃው በረዶውን ዘልቆ መሬት ይደርሳል። በማግስቱ ብርዱ ይመለሳል። መሬቱ ላይ እንደ መስታወት ያለ ግግር ይሠራል። ላይከኑ እዚያው ውስጥ ይታሸጋል። አጋዘኑ አያሸተውም። ቢያሸተውም ኮቴው አይሰብረውም።

ይህን ስረዳ ነው ነገሩ ልቤን የነካው። ያ ግግር በሳምንት አይለቅም። ላዩ ላይ አዲስ በረዶ እየተቆለለበት፣ ከፀሐይ ተሰውሮ፣ እስከ ጸደዩ ማቅለጥ ድረስ እዚያው ይቆያል። አንድ የጥቅምት ማታ የዘነበ ዝናብ የስድስት ወር ግጦሽ ይዘጋል። እኛ ዘንድ እህሉ ታጭዶ አውድማ ላይ ሳለ ያለ ጊዜው የሚመጣ ዝናብ አለ። ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ያ ዝናብ ሲመጣ ቤት ውስጥ ያለውን ዝምታ ያስታውሰዋል። የእረኛውም ጭንቀት የዚያ ዘመድ ነው።

ሲዘጋ ምን ይሆናል? መንጋው ይበተናል። የራበው እንስሳ ምግብ ፍለጋ በየአቅጣጫው ይሄዳል። ከጎረቤት መንጋ ጋር ይቀላቀላል። እንደገና መሰብሰብ፣ እንደገና መለየት ይመጣል። ይህ ሁሉ በጨለማ ነው። ሐይቁና ወንዙም በደንብ ስላልጠነከረ በበረዶ ሞተር መሻገር ለሰውም ለመንጋም አደጋ ነው። እርጉዞቹ ይከሳሉ። በጸደይ የሚወለደው ግልገል ይቀንሳል። የጥቅምቱ ሂሳብ የሚከፈለው በቀጣዩ ዓመት እርድ ላይም ነው።

ሳሚዎች ለዚህ ዓይነቱ ክፉ ጊዜ ጎአቪ የሚል ቃል አላቸው። ድሮም ነበር ማለት ነው። ሽማግሌዎች በክፉነታቸው የሚያስታውሷቸው የጎአቪ ዓመታት አሉ። የተለወጠው ድግግሞሹ ነው። ከ1979 ወዲህ የአርክቲክ አካባቢ ከዓለም አማካይ በአራት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ መሞቁን በ2022 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ከዓመቱ ይልቅ አብዝቶ የሚሞቀው ደግሞ መጸውና የብርዱ መግቢያ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሰሜኑ ውቅያኖስ ላይ የነበረው የባሕር በረዶ ሳስቷል። ጥቁሩ ውኃ ሞቃቱን ወራት ሙሉ የጠጣውን ሙቀት በመጸው ይተፋዋል። ውርጭ መምጣት በነበረበት ሳምንት ዝናብ ይመጣል። በ2020 መጀመሪያ ላይ ፊንማርክ ከባድ የመኖ ቀውስ አይቷል፤ በ2024 መጀመሪያም ችግሩ ተመልሷል።

"መኖ ገዝቶ ማብላት ነዋ" የሚል ይኖራል። ይደረጋልም። መንግሥትም በቀውስ ጊዜ ይደጉማል። ግን የታሸገ መኖ ውድ ነው። የላይከን ሆድ በአንድ ጊዜ ወደ ሌላ ምግብ ሲዞር ይታወካል። መንጋው አንድ ቦታ ተሰብስቦ ሲበላ የዓይን በሽታና የአፍ ቁስል ይዛመታል። እንስሳውም ራሱን ፈልጎ የመብላት ጠባዩን እያጣ፣ ሰው እየጠበቀ ይሄዳል። ብዙ እረኞች መኖን የሚያዩት እንደ መድኃኒት ነው፤ እንደ ኑሮ አይደለም።

የድሮው መፍትሔ ሌላ ነበር፦ መሄድ። ሸለቆው ከተዘጋ ከፍታው ላይ ነፋሱ በረዶውን ጠርጎት ይሆናል። ይህ ወረዳ ዝናብ ከመታው፣ ያኛው አልመታውም ይሆናል። ብልህ አርቢ ሁልጊዜ አንድ የማይነካው ግጦሽ ይኖረዋል። በጥሩ ዓመት ማንም አይገባበትም። ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ለክፉ ቀን የተቀመጠ መሬት ለማያውቀው ሰው ባዶ ነው የሚመስለው። በሄሊኮፕተር የሚያልፍ መሐንዲስ ቤት አያይም፣ አጥር አያይም፣ እንስሳ አያይም። ካርታው ላይ "ነፃ" ይላል።

እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ቦረና ላይ ካሎ ይባላል፤ ተከልሎ ለችግር ቀን የሚቀመጥ ግጦሽ። መንዝ ውስጥ የጓሳ ሣር በሕዝቡ ስምምነት ለዓመታት እየተዘጋ እየተከፈተ ነው ለዘመናት የኖረው። አፋር ላይ ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአዋሽ ዳር የተተከሉት የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች የያዙት በአብዛኛው ይህንኑ ነው፤ አፋሩ በደረቁ ወራት የሚሸሽበትን ለምለም ዳርቻ። በዝናብ ጊዜ ባዶ ይመስል ነበር። ድርቅ ሲመጣ ግን መሸሻው እንደሌለ ታወቀ፣ ከብቱም አለቀ።

ፊንማርክ ላይ አሁን የሚጠየቀው መሬት በአብዛኛው ለንጹሕ ኃይል ነው። ይህ ነው ነገሩን ከባድ የሚያደርገው። ሃመርፈስት ከተማ አጠገብ ሜልክዮያ በምትባል ደሴት ላይ ከ2007 ጀምሮ የሚሠራ የተፈጥሮ ጋዝ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ አለ። ከባሕር ሥር የሚመጣውን ጋዝ ወደ ፈሳሽ ለውጦ በመርከብ ይልካል። እስካሁን ራሱ ጋዝ እያቃጠለ ነው ኃይል የሚያገኘው። በኦገስት 2023 የኖርዌይ መንግሥት ፋብሪካው ከመሬት በሚመጣ ኤሌክትሪክ እንዲሠራ ፈቀደ። በዓመት 850,000 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል ተብሏል። ለዚህ ግን ኤሌክትሪኩ ከየት ይምጣ? አዲስ ከፍተኛ መስመር ከስካይዲ እስከ ሃመርፈስት ያስፈልጋል። መንግሥት አብሮ ያወጀው ፊንማርክ ውስጥ አዲስ የኃይል ማመንጫ መገንባትን ነው። በአብዛኛው የነፋስ ተርባይን ማለት ነው፤ አዳማ ላይ የምናየው ዓይነት።

የአጋዘን ጠባይ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ተርባይን የቆመበትን ጉብታ ብቻ አይደለም የሚሸሸው። ድምፁን፣ እንቅስቃሴውን፣ መንገዱን ሸሽቶ ብዙ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ስለዚህ ወረቀት ላይ የተያዘው መሬት ትንሽ ቢመስልም፣ መንጋው የሚያጣው ትልቅ ነው።

ሕጉ ይህን ሰምቷል። በኦክቶበር 2021 የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ፎሰን ወሰነ። ፎሰን ከፊንማርክ ብዙ ወደ ደቡብ ነው። እዚያ 151 ተርባይኖች የሳሚዎች የብርድ ወራት ግጦሽ ላይ ተተክለው ነበር። ፍርድ ቤቱ ፈቃዱ የሳሚዎቹን ባህላቸውን የመኖር መብት ይጥሳል አለ። የጠቀሰውም የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንን አንቀጽ 27 ነው። ከዚያስ? ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2023፣ ወጣት ሳሚዎች ኦስሎ መጥተው የነዳጅና የኃይል ሚኒስቴሩን መግቢያ ያዙ። ባህላዊ ልብሳቸውን ገልብጠው ለብሰው ነበር። ካሣና ሌላ ስምምነት የመጣው በዲሴምበር 2023 እና በማርች 2024 ነው። ተርባይኖቹ አልተነቀሉም። እኔ ፍርዱን ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር። የተከተለውን ሳይ ግን አንድ ሕዝብ ረትቶም መሬቱን ላያገኝ እንደሚችል ገባኝ።

የሌላውን ወገን መዝለል አልፈልግም። ሃመርፈስት ጋዙ ከመጣ ወዲህ ሥራና ግብር አግኝታለች። ወጣቶች የሚሸሹት አገር ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መንግሥት ሰው እንዲቀር ከ1990 ጀምሮ ለፊንማርክና ለሰሜን ትሮምስ ልዩ ጥቅም ይሰጣል። የገቢ ግብር ይቀንሳል፣ የተማሪ ብድር በየዓመቱ ይሰረዛል። ከኦገስት 2023 ወዲህ መዋዕለ ሕፃናት በነፃ ነው። ይህን ሁሉ የሚሰጥ አገር ሰው እንዲለቅ አይፈልግም። የአየር ንብረቱም ጉዳይ እውነት ነው። ጥቅምት ላይ ዝናብ የሚያመጣው ያው ካርቦን ነው።

ግን የሂሳቡ አካሄድ አይዋጥልኝም። ብርዱ ሲበላሽ አርቢው ከድሮው የበለጠ ትርፍ መሬት ያስፈልገዋል፤ መሸሻው መብዛት አለበት። እኛ ግን አየሩን እናድናለን ብለን የምንወስድበት ያንኑ መሸሻ ነው። ያውም ተሽጦ ወደ ውጭ የሚላክ ጋዝ ለማቀዝቀዝ። በሬፓርፊዮርድ ዳርም በ2019 ፈቃድ ያገኘ የመዳብ ማዕድን ሥራ አለ። ትርፍራፊው ባሕሩ ውስጥ እንዲደፋ ተፈቅዷል። ለኤሌክትሪክ መዳብ ያስፈልጋል ይባላል። እውነት ነው፣ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። አንድ መንጋ ላይ ሲደራረቡ የሚቆጥር ግን ያለ አይመስለኝም።

ስለ ብዛት ሌላ ክርክር አለ። መንግሥት ለዓመታት የሚለው አጋዘኑ በዝቶ ላይከኑን ጨረሰው ነው። ይህም ከመሬት የተነሳ ክስ አይደለም፤ የፊንማርክ ደጋ ላይ ላይከን የተጋጠባቸው ቦታዎች በእርግጥ ነበሩ። በ2007 ሕግ መሠረት መንጋ እንዲቀነስ ታዘዘ። አንድ ወጣት አርቢ ወደ 75 ቀንስ ሲባል ተከራከረ። በዚህ ቁጥር መኖር አይቻልም አለ። በዲሴምበር 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላይ ተሸነፈ። እህቱ ማሬት አኔ ሳራ ሠዓሊ ናት። በዚያው ወር 400 የአጋዘን የራስ ቅል እንደ መጋረጃ አድርጋ ፓርላማው ፊት ሰቀለች። በኦክቶበር 2025 ደግሞ ለንደን ቴት ሞደርን ሙዚየም ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ሥራዋ ተተከለ። ከአጋዘን ቆዳና ከኤሌክትሪክ ገመድ የተሠራ ነው። ስሙ ውስጥ ጎአቪ የሚለው ቃል አለ። ካውቶኬይኖ ላይ እረኞች የሚፈሩት ቃል ለንደን ላይ ተጽፎ ቆመ።

ዲፕ ፍሪዙ ውስጥም የጎደለ አለ። ከፊንላንድ ጋር ድንበር የሆነው ታና ወንዝ በሳልሞን ዓሣ የታወቀ ነበር። ቁጥሩ ስለወደቀ ከ2021 ጀምሮ ማጥመድ ተከለከለ። በምትኩ ሶቪየቶች ድሮ በሰሜን ባሕራቸው ያራቡት ሮዝ ሳልሞን በየጎዶሎ ቁጥር ዓመቱ በገፍ ይመጣል፦ 2021፣ 2023፣ 2025። ይህ ዓሣ እንቁላሉን ጥሎ እዚያው ይሞታል። በመስከረም ወንዙ ዳር የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል።

መጸው እዚህ አገር ሌላም ትዝታ አለው። በኦክቶበር 1944 የጀርመን ጦር ከሶቪየት ፊት ሲሸሽ ፊንማርክን አቃጥሎ ነበር የሄደው። ወደ 11 ሺህ ቤት ነደደ። 50 ሺህ ያህል ሰው በግድ ወደ ደቡብ ተጋዘ። 25 ሺህ ገደማ ደግሞ በዋሻና በሣር ጎጆ ተደብቆ ብርዱን አሳለፈ። ሆኒንግስቮግ የምትባለው ከተማ፣ አጋዘኖቹ የሚዋኙባት ደሴት ላይ ያለችው፣ የተረፋት ሕንፃ አንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ሕዝቡ በጥቂት ከተሞች እንዲሰበሰብ ቢፈልግም፣ ሰው ሳይጠበቅ እየተመለሰ ፍርስራሹ ላይ ጎጆ ሠራ። "ባዶ ነው" ለሚል ሰው ይህን ባስታወሰው ደስ ይለኛል።

አሁን የማገርዮያ አጋዘኖች መንገድ ላይ ናቸው። ጥቂቶቹ አንገት ላይ ጂፒኤስ አለ። እረኛው ስልኩ ላይ ያያቸዋል፤ ድሮን አለው፣ ባለ አራት ጎማ ሞተር አለው። ጥቅምት ላይ ግን ከሞተሩ ይወርዳል። በረዶውን በተረከዙ እስከ መሬት ይቆፍራል። ጎንበስ ብሎ ከሥር ያለውን በእጁ ይዳስሳል። ደረቅ ከሆነ መንጋውን ወደዚያ ይለቃል። እርጥብ ወይም ግግር ከሆነ ተነስቶ የሚቀጥለውን ኮረብታ ያያል።